አሮጌ ኮምፒዩተር፣ አዲስ ሬዲዮ፦ የዩኤስቢ አዳፕተር የሚያፋጥነው ምንድን ነው?

በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የላከው ወይም በርካሽ ዋጋ የተገዛ ያገለገለ ላፕቶፕ በብዙ ተማሪዎች እጅ ይገኛል። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ስሌት ለመሥራትና የፕሮግራም ቋንቋ ለመለማመድ በቂ ነው። ችግሩ የሚታየው መረጃ ለማምጣት ሲሞከር ነው። በአንድ የንባብ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ከትምህርት ክፍሉ ሰርቨር ላይ አንድ ዓይነት የቪዲዮ ትምህርት መቅዳት ጀመሩ እንበል። አንደኛዋ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ጨርሳ ስትነሣ ሌላኛው አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። ሁለቱም የተገናኙት ከአንድ ራውተር ጋር ነው፤ የሚቀዱትም ፋይል አንድ ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር የዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር መግዛት ነው። አዳፕተሩ አውራ ጣት የሚያህል፣ አንዳንዴም አጭር አንቴና ያለው፣ እንደ ፍላሽ ዲስክ የሚሰካ መሣሪያ ነው። ምክሩ አንዳንድ ጊዜ ፍጹም ትክክል ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተማሪን ገንዘብ ከማባከን ያለፈ ውጤት የለውም። ሁለቱን ለመለየት የሻጭ ምስክርነት አያስፈልግም፤ በሁለተኛ ደረጃ የተማርነው ስለ ሞገድና ስለ ማካፈል ያለን ዕውቀት ይበቃል።

ሰንሰለቱና ጠባቡ ቦታ

አንድ ፋይል ከሩቅ ሰርቨር ተነሥቶ በኮምፒዩተራችን ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ድረስ በተከታታይ መተላለፊያዎች ያልፋል። በመጀመሪያ እስከ ቤቱ ወይም እስከ ግቢው የሚደርሰው የኢንተርኔት መስመር አለ። ከዚያ ራውተሩ፣ ቀጥሎ በራውተሩና በኮምፒዩተሩ መካከል ያለው አየር፣ በመጨረሻም መረጃው ከሬዲዮው ወደ ኮምፒዩተሩ አንጎል የሚገባበት በር ይመጣል። የጠቅላላው ጉዞ ፍጥነት ከእነዚህ ውስጥ በጣም ጠባብ ከሆነው ፍጥነት ሊበልጥ አይችልም። አዳፕተሩ የሚለውጠው አየሩንና በሩን ብቻ ነው፤ የቀሩትን አይነካም።

ስሌቱን ከመጀመራችን በፊት አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። የኔትወርክ ፍጥነት የሚለካው በሜጋ ቢት በሰከንድ ሲሆን የፋይል መጠን የሚነገረው በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 700 ሜጋ ባይት የሆነ ቪዲዮ 5600 ሜጋ ቢት ማለት ነው። ብዙ ቅሬታ የሚመነጨው ይህችን ስምንት ቁጥር ከመርሳት ነው።

እንግዲህ የአሮጌው ላፕቶፕ ሬዲዮ በተግባር በሰከንድ 20 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል እንበል። ቪዲዮውን በግቢው ውስጥ ካለ ሰርቨር ለመቅዳት 5600 ለ20 ሲካፈል 280 ሰከንድ፣ ማለትም 4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል። በአዳፕተር አማካይነት ፍጥነቱ 200 ሜጋ ቢት ቢደርስ ጊዜው ወደ 28 ሰከንድ ይወርዳል። ይህ በዓይን የሚታይ ለውጥ ነው። አሁን ደግሞ ያው ቪዲዮ የሚመጣው ከውጭ፣ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት በሚያስተላልፍ የኢንተርኔት መስመር ቢሆንስ? 5600 ለ4 ሲካፈል 1400 ሰከንድ ይሆናል፤ ይህም 23 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። በዚህ ሁኔታ ጠባቡ ቦታ መስመሩ በመሆኑ፣ አዳፕተሩ ባለ 20ም ሆነ ባለ 200፣ ጊዜው በአንዲት ሰከንድ እንኳ አይቀንስም። አዳፕተር ገዝተው ምንም ለውጥ ሳያዩ የቀሩ ሰዎች መሣሪያው የተበላሸ ወይም አስመስሎ የተሠራ ይመስላቸዋል። ብዙውን ጊዜ ግን መሣሪያው ሥራውን በትክክል እየሠራ፣ ሥራው የማያስፈልግበት ቦታ ላይ ተሰክቶ ነው።

54 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

ያገለገሉ ላፕቶፖችን መግለጫ የተመለከተ ሰው 11፣ 54፣ 150፣ 300፣ 433 የሚሉ ቁጥሮችን ማየቱ አይቀርም። ቁጥሮቹ በነጋዴ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው በእርሳስና በወረቀት ሊሰሉ የሚችሉ ናቸው። በእኔ እምነት የጉዳዩ እጅግ ማራኪ ክፍል ይህ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት።

አይ ትሪፕል ኢ በሚል አጭር መጠሪያ የሚታወቀው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም የመጀመሪያውን የገመድ አልባ ኔትወርክ ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን ቁጥሩ 802.11 ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ወይም 2 ሜጋ ቢት ብቻ ነበር። በ1999 የወጣው 802.11 ቢ ወደ 11 ሜጋ ቢት አሳደገው። በ2003 የወጣው 802.11 ጂ ደግሞ 54 ሜጋ ቢት ደረሰ። በ2003 እና በ2009 መካከል የተሠሩ አብዛኞቹ ላፕቶፖች በሆዳቸው የያዙት ይህንን ሬዲዮ ነው።

በ802.11 ጂ ሥርዓት አንድ ኔትወርክ የሚጠቀምበት የሞገድ ስፋት 20 ሜጋሄርዝ ነው። ይህ ስፋት በቀጫጭን ንዑስ ሞገዶች ይከፋፈላል፤ ከእነርሱም ውስጥ 48ቱ መረጃ ይሸከማሉ። እያንዳንዱ ንዑስ ሞገድ በየ4 ማይክሮ ሰከንዱ አንድ ምልክት ይልካል። ምልክቱ የሚፈጠረው የሞገዱን ከፍታና ሞገዱ የሚጀምርበትን ነጥብ በመለዋወጥ ሲሆን በጥሩ ሁኔታ 64 የተለያዩ ምልክቶችን መለየት ይቻላል። 64 ማለት 2 በ6 ጊዜ ራሱ ሲባዛ ስለሆነ አንድ ምልክት 6 ቢት ይይዛል ማለት ነው። ነገር ግን ከሚላኩት ቢቶች አንድ አራተኛው ለስህተት ማረሚያ የሚጨመር ነው፤ ለእውነተኛው መረጃ የሚቀረው ሦስት አራተኛው ነው። ስለዚህ፦

48 × 6 × ¾ = 216 ቢት በየ4 ማይክሮ ሰከንዱ፣ ይኸውም በሰከንድ 54 ሚሊዮን ቢት።

አስገራሚው ነገር 4 ማይክሮ ሰከንድ የሚለውም ቁጥር ምክንያት ያለው መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ 0.8ቱ ባዶ መጠበቂያ ነው። ሞገድ በክፍል ውስጥ በቀጥታ ብቻ አይደርስም፤ ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከብረት በር እየተንፀባረቀ እንደ ገደል ማሚቶ ዘግይቶም ይመጣል። የዘገየው ድምፅ ከሚቀጥለው ምልክት ጋር እንዳይደባለቅ ጥቂት መታገስ ያስፈልጋል። በ0.8 ማይክሮ ሰከንድ ብርሃን 240 ሜትር ይጓዛል፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከዚህ የረዘመ ዙር የሚሄድ ማሚቶ እምብዛም አያጋጥምም።

በ2009 የጸደቀው 802.11 ኤን እያንዳንዱን ቁጥር በጥቂቱ ገፋ አደረገው። መረጃ የሚሸከሙት ንዑስ ሞገዶች 52 ሆኑ፤ የማረሚያው ድርሻ ወደ አንድ ስድስተኛ ወረደ፤ መጠበቂያው በግማሽ አጥሮ የምልክቱ ጊዜ 3.6 ማይክሮ ሰከንድ ሆነ። ውጤቱም 72 ሜጋ ቢት ያህል ነው። ስፋቱ ወደ 40 ሜጋሄርዝ ሲያድግ ንዑስ ሞገዶቹ 108 ስለሚሆኑ ፍጥነቱ 150 ይደርሳል። ከዚያም ደንቡ ቀድሞ ያልነበረ ነገር አመጣ። ሁለት አንቴናዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ድግግሞሽ፣ ሁለት የተለያዩ መረጃዎችን እንዲልኩ ፈቀደ። ቀደም ሲል እንደ ችግር የታየው የግድግዳ ማሚቶ እዚህ ላይ ጠቃሚ ሆነ፤ ከሁለቱ አንቴናዎች የሚነሡት ሞገዶች በተለያየ መንገድ ስለሚንፀባረቁ ተቀባዩ በስሌት ሊነጥላቸው ይችላል። ለዚህም ነው 300 የሚለው ቁጥር የመጣው፤ ሁለት ጊዜ 150 ነው።

በ2013 የጸደቀው 802.11 ኤሲ በ5 ጊጋሄርዝ ክልል ብቻ የሚሠራ ሲሆን ስፋቱን ወደ 80 ሜጋሄርዝ፣ የምልክቶቹን ዓይነት ደግሞ ወደ 256 አሳደገ። ስሌቱን ለአንባቢ እተወዋለሁ፤ 234 ንዑስ ሞገድ፣ 8 ቢት፣ አምስት ስድስተኛ፣ 3.6 ማይክሮ ሰከንድ። መልሱ 433 ካልሆነ ስህተቱ ከማካፈሉ ላይ ይፈለግ።

የአሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1948 ያረጋገጠው ሕግ ለምን መሐንዲሶቹ ከምልክት ብዛት ይልቅ ስፋትንና አንቴናን እንደመረጡ ያስረዳል። በሕጉ መሠረት የአንድ መተላለፊያ አቅም ከስፋቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል። ከሞገዱ ጉልበት ጋር ግን የሚያድገው በሎጋሪዝም፣ ማለትም እጅግ በዝግታ ነው። ከ64 ምልክት ወደ 256 ለመሄድ ሞገዱ ከጫጫታው አንጻር አራት እጥፍ ያህል መጎልበት አለበት፤ የሚገኘው ትርፍ ግን ከ6 ቢት ወደ 8 ቢት፣ አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። ይህም ማለት 433 የሚባለው ቁጥር የሚገኘው ራውተሩ በቅርብ፣ ሞገዱም ከጫጫታው ሺህ እጥፍ ያህል ጎልቶ ሲሰማ ነው። ራቅ ስንል ሬዲዮው ራሱ ወደ 64፣ ከዚያም ወደ 16 እና ወደ 4 ምልክት እየወረደ ይናገራል። ርቀቱ እየጨመረ ሲሄድ የፍጥነት ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ተግባራዊ ነገር ይከተላል። ፍጥነቱ የሚወሰነው ሁለቱም ወገኖች በጋራ በሚችሉት ቋንቋ ነው። ራውተሩ 802.11 ጂ ከሆነ የቱንም ያህል አዲስ አዳፕተር ቢሰካ ንግግሩ በ54 ይቀራል። ባለ ሁለት ጅረት አዳፕተርም ሁለት አንቴና ያለው ራውተር ይፈልጋል።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፉት ትልልቅ ቁጥሮችም በጥንቃቄ መታየት አለባቸው። "ኤሲ 600" የሚባለው አዳፕተር በ2.4 ጊጋሄርዝ 150፣ በ5 ጊጋሄርዝ 433 ይችላል፤ ሁለቱ ተደምረው ወደ ላይ ተጠጋግተው 600 ተባሉ። "ኤሲ 1200" ደግሞ የ300ና የ867 ድምር ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው አዳፕተር በአንድ ጊዜ የሚገናኘው በአንዱ ክልል ብቻ ስለሆነ ድምሩን የሚያገኝ ማንም የለም።

አየሩ የጋራ ነው

54 የተባለው ሬዲዮ በተግባር ከ20 እስከ 25 ሜጋ ቢት ብቻ ያስተላልፋል። ግማሹ የት ገባ? በገመድ አልባ ኔትወርክ ሁሉም ኮምፒዩተሮች የሚናገሩት በአንድ አየር ላይ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢናገሩ አንዱም አይሰማም። ስለዚህ እያንዳንዱ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ ዝምታ መኖሩን ሲያረጋግጥ በዕጣ የተገኘ አጭር ጊዜ ይጠብቃል፤ ከላከም በኋላ "ደርሶኛል" የሚል መልስ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ወግ ጊዜ ይበላል።

ከዚህ የሚከፋ ነገር ግን አለ። ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል የሚሰጠው የመናገር ተራን እንጂ የመናገር ጊዜን አይደለም። አንድ የተለመደ የመረጃ ጥቅል 1500 ባይት፣ ማለትም 12,000 ቢት ነው። በ54 ሜጋ ቢት የሚናገር ኮምፒዩተር ይህን ጥቅል በ222 ማይክሮ ሰከንድ ልኮ ይጨርሳል። ራቅ ብሎ የተቀመጠና ደካማ ሬዲዮ ያለው፣ በ6 ሜጋ ቢት የሚናገር ሌላ ኮምፒዩተር ለዚያው ጥቅል 2000 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል። ሁለቱ በየተራ ቢልኩ በ2222 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ጥቅል ይልካሉ። ማካፈሉን ስናደርግ ለእያንዳንዳቸው በሰከንድ 5.4 ሜጋ ቢት ይደርሳል። ፈጣኑ ኮምፒዩተር ከ54 ወደ 5.4 ወረደ ማለት ነው፤ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት፣ ከዝግተኛው ጋር አንድ አየር በመጋራቱ ብቻ። በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2003 ባቀረቡት ጥናት በ802.11 ቢ ኔትወርክ ላይ ይህንኑ ክስተት አሳይተዋል።

ስለዚህ በመግቢያችን የጠቀስነው ባለ አሮጌ ላፕቶፕ ተማሪ አምስት ደቂቃ የሚጠብቀው ብቻውን አይደለም። በዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ በንባብ ክፍሉ ያሉት ሌሎች ተማሪዎችም የአየሩን ጊዜ ይከፍሉለታል። አዲስ አዳፕተር ሲሰካ ያንኑ ፋይል በአንድ አሥረኛ ጊዜ ስለሚጨርስ አየሩን ለሌሎች ይለቅቃል። አንዳንድ ዘመናዊ ራውተሮች ከተራ ይልቅ ጊዜን እኩል የሚያካፍሉበት ዘዴ አላቸው፤ እንዲህ ባለ ራውተር ዝግተኛው ሌላውን መጎተቱ ይቀንሳል፣ የራሱ ዝግታ ግን ይበልጥ ይሰማዋል። ብዙ ሰዎች አንድ መስመር በሚጋሩበት ግቢ ውስጥ የአዳፕተር ጥቅም ከገዢው አልፎ መሄዱ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነጥብ ነው።

የዩኤስቢ በር

የላፕቶፑን የውስጥ ካርድ አውጥቶ በአዲስ መተካት አይቻልም ወይ? አንዳንዴ ይቻላል። ነገር ግን የካርዶቹ ቅርጽ ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል፤ አንዳንድ አምራቾችም ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከፈቀዷቸው ካርዶች ሌላ እንዳይቀበል አድርገው ሠርተዋል። ዩኤስቢ ይህን ሁሉ ያልፈዋል፤ ክዳን መክፈት አያስፈልግም። በምትኩ የራሱን ወሰን ያመጣል።

በ1998 የወጣው ዩኤስቢ 1.1 በሰከንድ 12 ሜጋ ቢት ብቻ ያሳልፋል። እንዲህ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ማንኛውም አዲስ አዳፕተር ከንቱ ነው። በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 በስም 480 ሜጋ ቢት ሲሆን በተግባር ከ240 እስከ 320 ያህል ይሰጣል። ስለዚህ በዩኤስቢ 2.0 ላይ ባለ 867 አዳፕተር የሰካ ሰው ከግማሽ በታች ያገኛል። ለእንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ ባለ 433ቱ ርካሽ አዳፕተር ብዙም የማያንስ ውጤት አለው፤ በትልቁ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ በሩ ላይ ይቀራል። በ2008 መጨረሻ የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ግን 5000 ሜጋ ቢት ስለሆነ ችግሩን ያስወግዳል። ብዙውን ጊዜ የዚህ ፖርት የውስጥ ምላስ ሰማያዊ ነው፤ ዕድሜያቸው በገፋ ላፕቶፖች ላይ ግን አይገኝም።

ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በከፍተኛ ፍጥነት ሲሠራ ከገመዱና ከመሰኪያው የሚወጣው ጫጫታ በ2.4 ጊጋሄርዝ ክልል ላይ ያርፋል፤ ኢንቴል ኩባንያ ይህን የሚገልጽ ጽሑፍ በ2012 አውጥቷል። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከአዳፕተሩ አጠገብ ሲሰካ ዋይፋዩ በድንገት ቢዳከም ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ሁለቱን ማራራቅ ወይም ወደ 5 ጊጋሄርዝ መሻገር ነው።

ግድግዳ፣ ቆርቆሮና ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች

2.4 ጊጋሄርዝ የተጨናነቀ ክልል ነው። በውስጡ የማይነካኩ ባለ 20 ሜጋሄርዝ መተላለፊያዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ቁጥር 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ብሉቱዝም የሚሠራው እዚያው ነው፤ የማይክሮዌቭ ምድጃም በ2.45 ጊጋሄርዝ አካባቢ ያሞቃል። ጎረቤት በበዛበት ሕንፃ ውስጥ 40 ሜጋሄርዝ ስፋት መያዝ ስለማይቻል በካርቶን ላይ የተጻፈው 150 ወይም 300 ብዙ ጊዜ ወደ ግማሹ ይወርዳል። ባለ ሁለት ክልል አዳፕተር ዋና ጥቅሙ ከዚህ ግርግር ወጥቶ ወደ 5 ጊጋሄርዝ መሄድ መቻሉ ነው።

የ5 ጊጋሄርዝ ሞገድ ግን ርዝመቱ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የ2.4ቱ 12.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ተመሳሳይ ዓይነት አንቴና ስንጠቀም በባዶ ቦታ ላይ እንኳ በ5 ጊጋሄርዝ የሚደርሰን ጉልበት ከአራት እጥፍ በላይ ያንሳል፤ በብሎኬትና በድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ሲያልፍም ይበልጥ ይዳከማል። የቆርቆሮ ግድግዳ ወይም የብረት በር ደግሞ ሞገዱን ከማዳከም አልፎ ይመልሰዋል። ከራውተሩ ሁለት ግድግዳ ርቆ ለሚያጠና ተማሪ 5 ጊጋሄርዝ አሳዛኝ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ የሚሻለው ውጫዊ አንቴና ያለው አዳፕተር ነው። የጥፍር ያህል አዳፕተሮች ለመያዝ ቢመቹም አንቴናቸው ትንሽ ነው፤ ከላፕቶፑ ብረታ ብረትና ከኤሌክትሮኒክስ ጫጫታው ጋርም ተጣብቀው ይቀመጣሉ።

እዚህ ላይ ከአዳፕተሩ ያነሰ ዋጋ ያለው አንድ ነገር ብዙ ይረዳል፤ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ነው። በክፍል ውስጥ የሚንፀባረቁት ሞገዶች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ በአንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ በሌላ ቦታ ይጣፋሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሞገዱ ርዝመት ክፍልፋይ ስለሆነ አዳፕተሩን በጠረጴዛው ላይ ሦስት ወይም አምስት ሳንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ ሞገዱን ሊያጎላው ይችላል። ላፕቶፑን እያንቀሳቀሱ መጻፍ አይቻልም፤ በገመድ የተንጠለጠለ አዳፕተርን ግን መስኮት ላይም ማስቀመጥ ይቻላል። ገመዱ ከሁለት ሜትር ባይረዝም ይመረጣል።

ድራይቨርና የተረሱ ቅንብሮች

አዳፕተሩ ያለ ድራይቨር አይሠራም። በዊንዶውስ ኤክስፒ ለሚሠራ ኮምፒዩተር የሚሆን ድራይቨር ያላቸው አዲስ አዳፕተሮች ጥቂት ናቸው። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 ደግሞ በ2020 ስላቆመ እንዲህ ያለውን ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት በራሱ አደገኛ ነው። ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች በሊኑክስ ዳግም ሕይወት ያገኛሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከመግዛት በፊት በአዳፕተሩ ውስጥ ያለው ቺፕ በሊኑክስ የሚደገፍ መሆኑን ማጣራት ግድ ነው። አንድ ዓይነት ስምና ካርቶን ያላቸው ሁለት አዳፕተሮች በውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊይዙ ስለሚችሉ ስሙን ብቻ ማየት አይበቃም።

አዳፕተሩ ከተሰካ በኋላ የቀድሞው የውስጥ ሬዲዮ መዘጋት አለበት። ካልተዘጋ ኮምፒዩተሩ በአሮጌው መንገድ መጓዙን ሊቀጥል ይችላል፤ ባለቤቱም አዲሱ መሣሪያ አልሠራም ብሎ ያማርራል። ሌላው የተረሳ ነገር የራውተሩ የምስጢር ቁልፍ ዓይነት ነው። የ802.11 ኤን ደንብ ዌፕ እና ቲኪፕ ከሚባሉት ያረጁ የምስጠራ ዘዴዎች ጋር ከፍተኛውን ፍጥነት መጠቀም ይከለክላል። ራውተሩ በእነዚህ ላይ ተስተካክሎ ከተተወ አዲሱ አዳፕተር ወደ 54 ይመለሳል። ወደ ዳብሊው ፒ ኤ 2 እና ወደ ኤ ኢ ኤስ መለወጥ ምንም ወጪ የለውም፤ ደኅንነቱም የተሻለ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ሙከራ

አንድ የኔትወርክ ገመድ ለአሥር ደቂቃ መዋስ ብዙ ገንዘብ ያድናል። የአብዛኞቹ አሮጌ ላፕቶፖች የገመድ መሰኪያ በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል፤ ይህም ከ802.11 ጂ ሬዲዮ አራት እጥፍ ያህል ይበልጣል። አንድ ትልቅ ፋይል በመጀመሪያ በዋይፋይ፣ ቀጥሎ ዋይፋዩን ዘግቶ በገመድ ይቅዱና የሁለቱን ጊዜ በሰዓት ይለኩ። ሙከራው ሌሎች ተጠቃሚዎች በማይበዙበት ሰዓት፣ በሁለቱም ጊዜ ከአንድ ሰርቨር መሆን አለበት።

ሁለቱ ጊዜያት ተቀራራቢ ከሆኑ ጠባቡ ቦታ አየሩ አይደለም፤ መስመሩ ነው፣ ወይም ሰርቨሩ፣ ወይም የላፕቶፑ ዲስክና የማስታወሻ አቅም ነው። ድረ ገጾች በገመድም ቢሆን እየተንቀራፈፉ የሚከፈቱ ከሆነ አዳፕተር ሊገዛ የታሰበበት ገንዘብ ተጨማሪ ራም ቢገዛበት ይሻላል። በገመድ ጊዜው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ካጠረ ግን አዳፕተሩ ይጠቅማል። ቀጥሎ የሚታየው የራውተሩ ዓይነት፣ የዩኤስቢ ፖርቱ ትውልድና የግድግዳው ብዛት ነው። ዘወትር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለሚያጠናና ራውተሩ አጠገቡ ለሆነ ተማሪ ደግሞ የተዋሰው ገመድ ራሱ መልስ ሊሆን ይችላል፤ ለባለቤቱ ይመልስና የራሱን ይግዛ።